«በትሪፕሊኬት» የሚለው ቃል ትርጓሜና አመጣጥ

ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጣም ሆነ የአገሩን ምርት ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ፣ ኤል ሲ በምንለው የባንክ መተማመኛ ሰነድ ላይ፣ ለክፍያው ሊቀርቡ የሚገባቸው ወረቀቶች ሁሉ በዝርዝር ተጽፈው ያገኛል። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው መሥመር ላይ የሚነበበው «የተፈረመበት ኢንቮይስ በትሪፕሊኬት» የሚል ነው። ቃሉ አጭር ነው፤ ዓይንም ለምዶታል፤ ስለ ለመደውም ምን ማለት እንደ ሆነ ቆም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ሦስት ነጋዴዎችን ለየብቻ ብንጠይቅ ሦስት ልዩ ልዩ መልስ ልናገኝ እንችላለን። አንደኛው «በጠቅላላው ሦስት ወረቀት ነው» ይላል። ሁለተኛው «ዋናው አንድ፣ ቅጂው ሦስት፣ በድምሩ አራት ነው» ይላል። ሦስተኛውም «ከጥራዙ ላይ ሦስተኛው ቅጠል ማለት ነው» ብሎ ይመልሳል።

ነገሩ የቃል ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ጋዜጣ ቦታ ባልሰጠነው ነበር። ነገር ግን አራት ወረቀት ያቀረበ ሰው የሚከስረው የወረቀቱን ዋጋ ሲሆን፣ አንድ ቅጠል ብቻ ያቀረበ ወይም ሦስት ቅጂ ልኮ ዋናውን በፋይሉ ያስቀረ ሰው ግን ሰነዱ ጕድለት አለበት ተብሎ ሊመለስበት ይችላል። ገበያው ደኅና በሆነ ጊዜ ገዢው እንዲህ ያለውን ጕድለት በይቅርታ ያልፈዋል። የዕቃው ዋጋ በወደቀ ጊዜ ግን ይኸው ገዢ ከውሉ የሚወጣበትን ቀዳዳ ሲፈልግ፣ የጐደለች አንዲት ወረቀት ትልቅ በር ትሆንለታለች። ስለዚህ የቃሉን አመጣጥ ከሥሩ ጀምረን ብንመረምረው፣ ሦስቱ መልሶች ከወዴት እንደ መጡና ትክክለኛው የትኛው እንደ ሆነ በቀላሉ እንረዳለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናመለክታለን።

«ትሪፕሊኬት» የላቲን ቃል ነው። ከሁለት ክፍል የተሠራ ሲሆን፣ «ትሪ» ሦስት ማለት ነው፤ ሁለተኛው ክፍል ደግሞ «ፕሊካሬ» ከሚለው ግሥ ጋር የአንድ ሥር ልጅ ነው፤ «ፕሊካሬ» ማለትም ማጠፍ ነው። ሮማውያን አንድ ጊዜ ብቻ የተነጠፈውን «ሲምፕሌክስ»፣ ሁለት ድርብ የሆነውን «ዱፕሌክስ»፣ ሦስት ድርብ የሆነውን «ትሪፕሌክስ»፣ አራት ድርቡን «ኳድሩፕሌክስ» ይሉ ነበር። ከእነዚህም «ዱፕሊካሬ»፣ «ትሪፕሊካሬ» የሚሉ ግሦች ወጡ፤ ትርጓሜያቸውም ሁለት እጥፍ ማድረግ፣ ሦስት እጥፍ ማድረግ ነው። እንግሊዞች ዛሬ የሚጽፉት «ትሪፕሊኬት» የዚህ የኋለኛው ግሥ ዘር ነው።

የዚህ ሥር ልጆች በንግድ ቤት ውስጥ ብዙ ናቸው። ለአንድ መሥሪያ ቤት የምናቀርበው «አፕሊኬሽን»፣ ለደብዳቤ የምንሰጠው «ሪፕላይ»፣ ልጆቻችን በትምህርት ቤት የሚያጠኑት «መልቲፕሊኬሽን» ሁሉም ከማጠፍ የወጡ ናቸው። መልቲፕሊኬሽን ቃል በቃል ብዙ ጊዜ ማጠፍ ማለት ነው። ቡና ቤት ገብቶ «ደብል» ብሎ የሚያዝዝ ሰው እንኳ፣ ሳያውቀው የጥንት ሮማዊ ቃል ይናገራል። የአናጢዎቻችን ኮምፖንሳቶ ስሙ ከጣሊያን ቢመጣም፣ በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ስም ድርብ እንጨት ከማለት የማይርቅና ከዚሁ ሥር የተገኘ ነው።

አማርኛችንም በዚሁ መንገድ የሄደ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። «ሁለት እጥፍ»፣ «ሦስት እጥፍ» ስንል ቃሉን ያገኘነው «አጠፈ» ከሚለው ግሥ ነው፤ «ድርብ» የምንለውም ከ«ደረበ» ነው። ግዕዙም «ከዐበ» ብሎ ማጠፍን፣ ሁለት ማድረግን ይገልጻል፤ ከፊደላችን ሰባት ቤቶች ሁለተኛው «ካዕብ» የተባለው ከዚሁ ነው። እንግዲህ ሮማዊውና ኢትዮጵያዊው ሳይመካከሩ የብዛትን ስም ከጨርቅና ከብራና ማጠፍ ወስደውታል ማለት ነው። ይህም ስለ ሆነ የላቲኑን ቃል ለመረዳት መዝገበ ቃላት ከመግለጥ በፊት የራሳችንን ቋንቋ ብንጠይቅ የሚበልጥ ይመስለናል። ጋቢ በአራት ተደርቦ ይሠራል ሲባል፣ የመጀመሪያውን ንጣፍ ለብቻው አቁሞ ከእርሱ ውጭ አራት የሚጨምርበት ሰው የለም፤ የመጀመሪያው ንጣፍ ከአራቱ አንዱ ነው። ትሪፕሌክስም እንደዚሁ ነው፤ ሦስት ድርብ የተባለው ነገር የመጀመሪያውን ንጣፍ በውስጡ ቈጥሮ ሦስት ነው።

ሮማውያን ግን ከእኛ አንድ ነገር ጨምረው ለይተዋል። ለመጠን ሲሆን «ዱፕሉስ»፣ «ትሪፕሉስ» ይሉ ነበር፤ ይህ የገንዘብና የስፍር ብዛትን ያመለክታል። ለአሠራር ሲሆን «ዱፕሌክስ»፣ «ትሪፕሌክስ» ይሉ ነበር፤ ይህም ከሁለት ወይም ከሦስት ክፍል የተዋቀረ አንድ ነገርን ያመለክታል። ምንም እንኳ ጸሐፊዎቻቸው አንዳንድ ጊዜ ሁለቱን ቢያደባልቋቸው፣ ልዩነቱ ለነጋዴ የሚጠቅም ልዩነት ነው። የመጀመሪያው የዋጋ ቃል ነው፤ ሁለተኛው የሰነድ ቃል ነው። እኛ «እጥፍ» በሚለው አንድ ቃል ሁለቱንም እንገልጻለንና፣ በየፊናቸው ብንመለከታቸው መልካም ነው።

የዋጋው ቃል በሮማውያን ሕግ ትልቅ ቦታ ነበረው። ዋጋው ከፍ ያለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው፣ ምናልባት ሌላ እውነተኛ ባለቤት መጥቶ ዕቃውን ከገዢው በፍርድ ቢወስድበት፣ የዋጋውን «ዱፕሉም» ለመክፈል በቃል ኪዳን ይገባ ነበር። በ100 የተሸጠ ነገር ከሆነ የሚከፈለው 200 ነው እንጂ 300 አይደለም። ስለ ስርቆትም፣ ሌባው እጅ ከፍንጅ ያልተያዘ እንደ ሆነ ቅጣቱ የተሰረቀው ነገር ዋጋ ሁለት እጥፍ፣ እጅ ከፍንጅ የተያዘ እንደ ሆነ አራት እጥፍ ነበር። በጦር ሠራዊታቸውም ውስጥ እጥፍ ደመወዝ የሚቀበለው ወታደር «ዱፕሊካሪዩስ» ይባል ነበር። በእነዚህ ሁሉ የመጀመሪያው መጠን በእጥፉ ውስጥ ይቈጠራል።

በእኛ ገበያ ችግር የሚነሣው «ሆነ» በሚለውና «ጨመረ» በሚለው ቃል መካከል ነው። የአንድ ኩንታል ዕቃ ዋጋ 4,000 ብር ነበር እንበል። «ዋጋው ሦስት እጥፍ ሆነ» ቢባል 12,000 ብር መሆኑን የማይረዳ የለም። «ዋጋው በሦስት እጥፍ ጨመረ» ሲባል ግን አንዱ 12,000 ይላል፤ ሌላው ጭማሪው ራሱ ሦስት ጊዜ 4,000 ነውና በድምሩ 16,000 ነው ብሎ ይከራከራል። ሁለቱም ለአባባላቸው ምክንያት አላቸው። በመቶኛ ሲነገርም ይኸው ነው፤ ከ4,000 ወደ 12,000 የወጣ ዋጋ የጨመረው 200 በመቶ ነው እንጂ 300 በመቶ አይደለም። የወኪልን አበል ወይም የመዘግየትን መቀጫ የሚወስን ውል ስትጽፉ፣ «ጨመረ» ከሚለው ግሥ ጋር እጥፍን አታጋቡ፤ «ይሆናል» በሉ፤ ይልቁንም ቍጥሩን ራሱን ጻፉት።

አሁን ወደ ሰነዱ ቃል እንመለስ፤ የሚበልጠው ጕዳይ ያለው ከዚህ ነውና።

ሮማውያን ሰነዳቸውን የሚጽፉት ብዙ ጊዜ ሰም በተቀባ የእንጨት ገበታ ላይ ነበር። ሁለት ገበታ በክር ተጋጥሞ ሲታሰር ድርብ፣ ሦስት ሲሆን «ትሪፕሊኬስ» ይባላል፤ ይህም ከዛሬው ቃላችን ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። በ1875 በጣሊያን አገር በፖምፔይ ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ፣ ሉኪዩስ ካይኪሊዩስ ዩኩንዱስ የተባለ የገንዘብና የጨረታ ነጋዴ ቤት ሲቈፈር ከ150 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ሰነዶች ተገኝተዋል። ፖምፔይ በ79 ዓመተ ምሕረት በቬሱቪዮ እሳተ ገሞራ አመድ የተቀበረች ከተማ ናት፤ ሰነዶቹ ግን ከስለው እንኳ ይነበባሉ። ይዘታቸው ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አብዛኞቹ ደረሰኞች ናቸው። ነጋዴው የሰው ዕቃ በጨረታ ሸጦ ገንዘቡን ለባለ ዕቃው ማስረከቡን ይመሰክራሉ።

የሚያስደንቀው የአሠራራቸው ጥበብ ነው። ከሦስት ገበታዎች በተሠራው ሰነድ ውስጥ ቃሉ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። አንዱ በውስጥ ገጾች ላይ ተጽፎ ገበታዎቹ ተዘግተው በክር ይታሰሩና ምስክሮች በማኅተማቸው ያትሙበታል። ሁለተኛው ማኅተሙ ሳይነካ ሊነበብ በሚችለው ገጽ ላይ ይጻፋል። ለዕለት ሥራ የውጭው ይበቃል። ጠብ የተነሣ እንደ ሆነ ግን ማኅተሙ በምስክር ፊት ተፈትቶ የውስጡ ይነበባል፤ የውጭውን የፋቀ ወይም የለወጠ ሰው በዚያን ጊዜ ይጋለጣል። እንግዲህ የድርብ ሰነድ ዓላማ ወረቀት ማብዛት ብቻ አልነበረም፤ አንዱ ለሁለተኛው ዳኛ እንዲሆን ነበር እንጂ። ሁለቱም ጽሑፎች የአንድ ሰነድ ክፍሎች ናቸው፤ አንዱ እውነተኛ ሌላው ደግሞ ጥላ አይባልም።

ይህ አስተሳሰብ እስከ ዛሬ በባሕር ንግድ ውስጥ ይኖራል። ቢል ኦፍ ሌዲንግ የሚባለው የመርከብ ጭነት ሰነድ ብዙ ጊዜ በሦስት ዋናዎች ይወጣል፤ ሦስቱም ዋና ናቸው። የዚህ ልማድ ምክንያት የባሕር መንገድ አደገኛነት ነበር፤ አንዱ ወረቀት ከመርከብ ጋር ቢሰጥም ሌላው በሌላ መርከብ ተልኮ እንዲደርስ በማሰብ ነው። በሰነዱም ላይ፣ ከዋናዎቹ በአንዱ ዕቃው የተሰጠ እንደ ሆነ የቀሩት ዋጋ የላቸውም የሚል ቃል ይገኛል። ይህች ቃል ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን አንድን የሎንዶን ባንክ ገንዘቡን አሳጥታዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። 20 በርሜል ስኳር ከጃማይካ ወደ ሎንዶን ተጫነ። የጭነቱም ሰነድ «አንደኛ»፣ «ሁለተኛ»፣ «ሦስተኛ» የሚል ምልክት ባላቸው ሦስት ዋናዎች ተጻፈ። ተቀባዩ ኮታምና ኩባንያው የሚባል ነጋዴ፣ «አንደኛ» የሚለውን ፈርሞበት ግሊን ሚልስ ለተባለው ባንክ መያዣ ሰጠና ገንዘብ ተበደረበት። ባንኩም አንዱን ዋና በእጁ ስለ ያዘ ተማምኖ ተቀመጠ። መርከቡ ደርሶ ስኳሩ ወደ ወደቡ ኩባንያ መጋዘን በገባ ጊዜ፣ ነጋዴው «ሁለተኛ» የሚለውን ዋና አቀረበ፤ የወደቡም ኩባንያ የስኳሩ ባለቤት አድርጎ መዘገበው፤ ከዚያም በነጋዴው ትእዛዝ ስኳሩን ለሌሎች ሰዎች አስረከበ። ባንኩ የወደቡን ኩባንያ ከሰሰ። ክርክሩ እስከ እንግሊዝ የመኳንንት ምክር ቤት ደርሶ በ1882 ባንኩ ተረታ፤ የወደቡ ኩባንያ ስለ ሌላው መያዣ ምንም ሳያውቅ በቅን ልቡና ትክክለኛ ዋና ለያዘው ሰው ስላስረከበ ተጠያቂ አይሆንም ተባለ። በዚያ ፍርድ ላይ ከዳኞቹ አንዱ የነበሩት ሎርድ ብላክበርን፣ የእንፋሎት መርከብና ቴሌግራፍ ከመጡ በኋላ ነጋዴዎች የጭነትን ሰነድ በብዙ ዋናዎች ማውጣታቸውን ለምን እንደ ቀጠሉ ሊገባቸው እንዳልቻለ ተናግረዋል። ከዚያ ወዲህ ከ140 ዓመት በላይ አልፏል፤ ልማዱ ግን አልተለወጠም።

የባንኮች ጥንቃቄ የሚመነጨው ከእንዲህ ያለው አደጋ ነው። ኤል ሲ «ሙሉው ስብስብ» ሲል፣ ወይም በቍጥር 3/3 ብሎ ሲጽፍ፣ ሦስቱንም ዋናዎች ይጠይቃል ማለት ነው፤ በዚህ ቦታ አንድ ዋና ከሁለት ቅጂ ጋር ማቅረብ አይበቃም። ኤል ሲው ዝም ቢል እንኳ፣ ሰነዱ በብዙ ዋናዎች እንደ ወጣ በራሱ ላይ ከተጻፈ፣ የተጻፉት ዋናዎች ሁሉ መቅረብ አለባቸው። ስለ ኢንሹራንስ ሰነድም ደንቡ ይኸው ነው። ለአስመጪውም ቢሆን ነገሩ የቅርብ ነው፤ ዕቃው በጅቡቲ ወደብ ቆሞ ሳለ ከሦስቱ ዋናዎች አንዱ በሌላ ሰው እጅ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ለኢንቮይስ፣ ለፓኪንግ ሊስትና ለመሰሎቻቸው ግን ሕጉ ልል ነው። መቀመጫው ፓሪስ የሆነው ዓለም አቀፍ የንግድ ምክር ቤት ስለ ኤል ሲ አሠራር የጋራ ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው በ1933 ሲሆን፣ ዩ ሲ ፒ 600 የተባለው እትም ከጁላይ 1 ቀን 2007 ጀምሮ ይሠራበታል። የዚህ ደንብ 17ኛ አንቀጽ የመግቢያችንን ጥያቄ በግልጥ ይመልሰዋል። ኤል ሲው ሰነድ «በዱፕሊኬት»፣ «በሁለት እጥፍ» ወይም «በሁለት ቅጂ» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ፣ ሰነዱ ራሱ ሌላ ነገር ካላመለከተ በቀር፣ ቢያንስ አንድ ዋና፣ የቀረውም ቍጥር በቅጂ ቢቀርብ ይበቃል። እንግዲህ «በትሪፕሊኬት» ማለት በጠቅላላው ሦስት ነው፤ ከሦስቱም አንዱ ዋና መሆን አለበት። ከላይ ከተጠቀሱት ሦስት መልሶች የመጀመሪያው ትክክል ነው፤ ላቲኑም፣ ጋቢውም፣ ደንቡም በዚህ ይስማማሉ። በአራት «ኳድሩፕሊኬት»፣ በአምስት «ኵዊንቱፕሊኬት»፣ በስድስት «ሴክስቱፕሊኬት» ይባላል፤ አቈጣጠሩ አይለወጥም።

ሁለተኛው መልስ፣ «ዋናው አንድ፣ ቅጂው ሦስት» የሚለው፣ የመጣው «ቅጂ» ከሚለው ቃል ይመስለናል። በአማርኛ ቅጂ ስንል ከዋናው የተቀዳ ማለታችን ነውና፣ «በሦስት ቅጂ» ሲባል ዋናው ከቍጥር ውጭ ይመስላል። በእንግሊዝኛው የንግድ አጻጻፍ ግን «ኮፒ» አንዳንድ ጊዜ ቅጂ፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እንዲያው «ፍሬ» ማለት ነው። ልዩነቱም በቃላቱ ቅደም ተከተል ላይ ይንጠለጠላል። «ኢንቮይስ በ1 ኮፒ» የሚል ኤል ሲ ዋናውን ኢንቮይስ ይጠይቃል። «የኢንቮይስ ኮፒ» የሚል ግን ቅጂ ይበቃዋል፤ ዋናውን የሚከለክል ቃል ካልተጨመረበትም ዋናውን መስጠት ይቻላል። ሁለቱን አገላብጦ ያነበበ ላኪ ዋናውን በቢሮው አስቀርቶ ቅጂ ይልካል፤ ባንኩም ይመልስበታል።

ሦስተኛው መልስ ከደረሰኝ ጥራዞች የመጣ ነው። ራልፍ ዌጅዉድ የተባለ እንግሊዛዊ በ1806 የካርቦን ወረቀትን የፈጠራ መብት ካወጣበት ጊዜ ወዲህ፣ አንድ ጊዜ ጽፎ ብዙ ቅጠል ማግኘት ቀላል ሆነ፤ አታሚዎችም በመጀመሪያው ቅጠል ላይ «ኦሪጅናል»፣ በሁለተኛው «ዱፕሊኬት»፣ በሦስተኛው «ትሪፕሊኬት» እያሉ ማተም ጀመሩ። በዚህ አገባብ ቃሉ ብዛትን ትቶ ተራን ያመለክታል፤ የብዛት ስም ለተራ ስም ቦታውን ለቀቀ ማለት ነው። ይህ የቋንቋ ስሕተት ነው ማለት አንችልም፤ ልማድ ሆኗልና። ነገር ግን በቅጠሉ ራስ ላይ የታተመው «ትሪፕሊኬት» እና በኤል ሲ ውስጥ የተጻፈው «በትሪፕሊኬት» አንድ እንዳልሆኑ ማወቅ ያስፈልጋል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት «በ» የምትለው አንዲት ፊደል ብቻ ናት።

ከዚህ አንድ ሌላ ስሕተት ይወለዳል። ብዙ ሰው «ዱፕሊኬት» የሚል ማኅተም ያለበትን ወረቀት ሲያይ፣ ይህ ቅጂ ነው፣ ዋጋ የለውም ብሎ ይጥለዋል። በባንኮች አሠራር ግን በብዙ ዋናዎች የወጣ ሰነድ «ኦሪጅናል»፣ «ዱፕሊኬት»፣ «ትሪፕሊኬት» የሚል ምልክት ቢኖረው፣ ምልክቱ ብቻውን ዋናነቱን አያሳጣውም። «ትሪፕሊኬት» የሚል የመርከብ ጭነት ሰነድ በእጁ የያዘ ሰው ዕቃ የሚያወጣበትን ዋና ይዞ ሊሆን ይችላል። የጃማይካው ስኳር የተወሰደው «ሁለተኛ» በሚለው ወረቀት መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል።

እንደ አበባ ያለውን በአውሮፕላን የሚልክ ነጋዴ ደግሞ ሌላ ሥርዓት ይገጥመዋል። በ1929 የተፈረመው የዋርሶ ስምምነት የአየር ጭነት ሰነድ በሦስት ዋናዎች እንዲጻፍ ሲያዝዝ፣ አንዱን ለአጓጓዡ፣ አንዱን ለተቀባዩ፣ አንዱን ለላኪው አድሎታል። ሦስቱ እጥፎች ከመጀመሪያው የሦስት ሰዎች ስለ ሆኑ፣ ላኪው ሦስቱንም ለባንክ ማቅረብ አይችልም። ስለዚህ ኤል ሲው ሙሉ የዋናዎች ስብስብ ቢጠይቅ እንኳ፣ በዩ ሲ ፒ 600 መሠረት ለላኪው የተሰጠው ዋና ብቻውን ይበቃል።

ዋና የሚባለው ምንድር ነው የሚለው ጥያቄም ነጋዴዎችን ብዙ አከራክሯል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ግሌንኮር የተባለው ኩባንያ ለባንክ ኦፍ ቻይና ካቀረባቸው ሰነዶች መካከል አንዳንዶቹ በፎቶ ኮፒ መሣሪያ የተባዙና ከዚያ በኋላ በብዕር የተፈረመባቸው ነበሩ። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው ደንብ እንዲህ የተባዛ ወረቀት «ዋና» የሚል ምልክት እንዲኖረው ይጠይቅ ስለ ነበር፣ ምልክቱም ስላልነበረ፣ የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ባንኩ ሰነዱን መመለሱ ትክክል ነው ብሎ ፈረደ። እውነተኛ ፊርማ ያለበት ወረቀት አንዲት ቃል ስለ ጐደለችው ብቻ ዋና አይደለም መባሉ ብዙዎችን አስደነገጠ፤ ዓለም አቀፉም የንግድ ምክር ቤት በ1999 ስለዚሁ ጕዳይ ማብራሪያ እስከ ማውጣት ደረሰ። የዛሬው ደንብ ይህን ጭንቀት አቃልሎታል፤ ሰነዱ ራሱ ዋና አይደለሁም ካላለ በቀር፣ የሰጪው እውነተኛ ፊርማ፣ ምልክት ወይም ማኅተም ያለበት የሚመስለው ወረቀት ሁሉ እንደ ዋና ይቈጠራል። ቅጂዎቹም ፊርማ አያስፈልጋቸውም። ይህም ሆኖ ሦስቱንም ኢንቮይስ መፈረምና ማኅተም ማድረግ የሚያወጣው ቀለም ብቻ ስለ ሆነ፣ እኛስ ሦስቱንም መፈረምን እንመርጣለን።

የቀረበለትን ሰነድ ባንኩ የሚመረምረው ከተቀበለበት ቀን ቀጥሎ ባሉት ቢበዛ 5 የባንክ የሥራ ቀኖች ውስጥ ነው፤ የማይቀበለውም እንደ ሆነ እያንዳንዱን ጕድለት ዘርዝሮ ማስታወቅ አለበት። የኤል ሲው ጊዜ ካላለፈ የጐደለውን ወረቀት አሟልቶ እንደ ገና ማቅረብ ይቻላል። ችግር የሚሆነው በመጨረሻው ቀን ያቀረበው ሰው ነው።

ስለ የሐዋላ ወረቀት አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። ይህም ሰነድ እንደ መርከቡ ጭነት ሰነድ በሁለትና በሦስት ዋናዎች ይጻፍ ነበር፤ «ሁለተኛውና ሦስተኛው ካልተከፈለ ይህን አንደኛውን ክፈል» የሚል ቃል ያለባቸው አሮጌ ወረቀቶች በነጋዴዎች መዝገብ ውስጥ ይገኛሉ። በ1930 በጄኔቭ የተፈረመው ስምምነት በ64ኛው አንቀጽ እንዲህ ያሉ ዋናዎች በጽሑፉ ውስጥ ቍጥር እንዲሰጣቸው ያዝዛል። ቍጥር ያልተሰጣቸው እንደ ሆነ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ራሱን የቻለ የሐዋላ ወረቀት ሆኖ ይቈጠራል። 10,000 ለመክፈል አስቦ ቍጥር የሌላቸውን ሦስት ወረቀቶች የፈረመ ሰው፣ ወረቀቶቹ በሦስት ሰዎች እጅ የገቡ እንደ ሆነ 30,000 ሊጠየቅ ነው። በዚህ ቦታ የሰነዱ ትሪፕሌክስ ወደ ዋጋው ትሪፕሉም ይለወጣል ማለት ነው፤ ሮማውያን ለይተው ያስቀመጧቸው ሁለቱ ቃላት እንደ ገና ይገናኛሉ።

ሰነዶች በወረቀት ሳይሆን በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚቀርቡበት ጊዜም መጥቷል። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ለዚህ በ2002 ተጨማሪ ደንብ አውጥቶ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ አሻሽሎታል። በዚህ ደንብ በሚመራ ኤል ሲ፣ የኤሌክትሮኒክ ሰነዱ በዋናም ይሁን በቅጂ፣ በአንድም ይሁን በብዙ ቢጠየቅ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ማቅረብ ይበቃል፤ በዚያ «በትሪፕሊኬት» ማለት አንድ ነው። ኤል ሲው ለዚህ ደንብ የተገዛ መሆኑ በላዩ ካልተጻፈ ግን ወረቀቱ ሦስት ሆኖ ይቈጠራል።